ከድንጋዩ ሥር ያለው ሥራ የማን ነው?

የግቢ ንጣፍ ሥራ ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ መደርደር ይመስላል። ሙያው ግን አብዛኛው ከድንጋዩ ሥር ነው። እዚህ ሪያድ ‹ኢንተርሎክ› የምንለው የኮንክሪት ድንጋይ ሰው ብቻ ለሚሄድበት 6፣ መኪና ለሚገባበት ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ከእሱ በታች ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ፣ ከአሸዋው በታች ተጠቅጥቆ የጠነከረ ጠጠር፣ ከጠጠሩ በታች ደግሞ በደንብ የተደለደለ አፈር መኖር አለበት። ሥራው ባለቀ ቀን ባለቤቱ ቆሞ የሚያየው የላዩን ፊት ብቻ ነው። ከሥር ምን እንዳለ የምናውቀው እኛ ነን። እኛም ሒሳባችንን ተቀብለን ወደ ሌላ ግቢ እንሄዳለን።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ከዚህ ይመጣል። ማንም የማያየውን ሥራ አስተካክሎ የመሥራት ግዴታ አለብን ወይ? ካለብንስ ለማን? ይሄ የፈላስፋዎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓርብ ዓርብ በአንድ ክፍል ተሰብስበን ቡና ሲፈላ የምንከራከርበት ነገር ነው። ቤት ውስጥ የምትሠሩ እህቶቼም ታውቁታላችሁ፤ ከሶፋው ሥርና ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው አቧራ የእናንተው ድንጋይ ሥር ነው።

ሙያውን ለማያውቅ ሰው፣ ማጭበርበር የሚቻልባቸውን ቦታዎች በአጭሩ ልናገር። አንደኛው ጠጠሩ ነው። 100 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ይግባ ከተባለ 20 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ግማሹን ብቻ አስገብቶ ማለፍ 10 ሜትር ኩብ ያስቀራል። ሁለተኛው መጠቅጠቁ ነው። ጠጠር በስስ በስሱ እየተነጠፈ በኮምፓክተር መረገጥ አለበት። ሁሉን አንዴ ደፍቶ ከላይ ብቻ ቢነዱበት ላዩ የጠነከረ ይመስላል፣ ውስጡ ልል ነው። ሦስተኛው አሸዋው ነው። ጠጠሩ ጎርበጥባጣ ሆኖ ሲቀር፣ ብልጥ ነኝ ባይ አሸዋውን አንድ ቦታ 3፣ ሌላ ቦታ 10 ሴንቲ አድርጎ ይሸፍነዋል። ያን ቀን ውሃ ልክ ቢያስቀምጡበት ቀጥ ብሎ ይታያል። ውሎ አድሮ አሸዋው የበዛበት ቦታ ይሰምጣል።

አራተኛው ተዳፋቱ ነው። ውሃ ከቤቱ ግድግዳ እንዲሸሽ ንጣፉ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ መሄድ አለበት፤ በ10 ሜትር ግቢ ላይ 20 ሴንቲ ማለት ነው። አምስተኛው ጠርዙ ነው። ዳር ላይ ሙሉ ድንጋይ አልገባ ሲል ይቆረጣል። ቁራጩ ከሙሉው ድንጋይ ሲሶ ካነሰ አይዝም፣ ይነቃነቃል። ደኅና ባለሙያ ዙሪያውን አንድ ረድፍ ሙሉ ድንጋይ ያስኬድና ቁራጮቹን ወደ ውስጥ ያስገባቸዋል፤ ሲቆርጥም በጣም ትንሽ ቁራጭ እንዳይቀረው አስቀድሞ ለክቶ ያከፋፍላል። ሰነፉ ክፍተቱን በስሚንቶ ጠርቅሞት ይሄዳል። ለጥቂት ወራት ሁለቱም አንድ ይመስላሉ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። በሰሜን ሪያድ በአዳዲሶቹ ሰፈሮች የአንድ ቪላ ግቢ ለማንጠፍ አራት ሆነን ገባን። ከሙቃውሉ ጋር የተስማማነው በካሬ 18 ሪያል ነበር። አፈሩን ቆፍረን፣ ደልድለን፣ ሲባጎ ወጥረን ሁለተኛው ቀን ላይ መጣና «በካሬ 13 ነው፤ የማይፈልግ ይሂድ» አለን። ከመካከላችን አንዱ የኮምቦልቻ ሰው ሳቅ ብሎ በአማርኛ እንዲህ አለ፦ «አብሽሩ፣ ችግር የለውም። እሱ ከላይ 5 ሪያል ከቀነሰ እኛ ከሥር 5 ሴንቲ እንቀንሳለን።»

ይህን አባባል በቀላሉ አትለፉት። ብዙ እውነት አለው። ስምምነት የሁለት ወገን ነው፤ መጀመሪያ ያፈረሰው እሱ ነው። «18 ሪያል የሚያወጣ ሥራ በ13 ሪያል ሥራልኝ» ማለት የእኔን ጉልበት በስውር መውሰድ ነው። በስውር የወሰደብኝን በስውር ባስመልስ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? ደግሞስ ሌላ ምን መሣሪያ አለኝ? የሠራተኛ ክርክር የሚታይበት ቦታ አለ፤ ግን ወረቀት፣ ቋንቋና ጊዜ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ሥራ ላይ የዋለው የአሠሪ ለውጥ ማሻሻያ የቤት ሠራተኛን፣ ሾፌርን፣ አትክልተኛን፣ የእርሻ ሠራተኛን አልነካም። ስንቶቻችን ነን በሌላ ሙያ ኢቃማ ላይ ሆነን ድንጋይ የምናነጥፈው? ጭራሹን ኢቃማ የሌለውማ የት ሄዶ ይከሳል? እንዲህ ላለ ሰው ሥራን ከሥር መቀነስ የደካማ ሰው በትር ነው።

ሰውዬው ስለ ፍትሕ ያለው ልክ ነው። የማልስማማው በትሩ በሚያርፍበት ጀርባ ላይ ነው። ሙቃውሉ እንደ እኛው ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ግቢው ሲሰምጥ እሱ እዚያ የለም። ያለው ባለቤቱ ነው፤ ምናልባት ከ18 ወደ 13 መውረዱን ጭራሽ ያልሰማ ሰው። ያለችው ማታ ማታ በዱላ እየተደገፈች የምትንሸራሸረው እናቱ ናት፤ ብድግ ባለ ድንጋይ ጠርዝ እግሯ ቢደነቀፍ የማንን ዕዳ ከፈለች? ደግሞ አንድ ቀን ያን ድንጋይ ነቅሎ የሚያስተካክል ሠራተኛ ይመጣል። 10 በ20 የሆነው ድንጋይ በአንድ ካሬ 50 ይገባል። 100 ካሬ ላይ 5,000 ድንጋይ ነው፤ በ6 ሴንቲው ሒሳብ ወደ 14 ቶን ይመዝናል። ያን ሁሉ እያነሣ መልሶ የሚያስቀምጠው አንድ የእኛው ወንድም ሊሆን ይችላል። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ይላል የአገራችን ገበሬ። በስደት ሥራ ላይ ግን ወደ አረሙ የሚመለሰው ያለባበሰው ሰው ላይሆን ይችላል።

«ሪያድ እንደሆነ አይዘንብም፤ ተዳፋት ምን ያደርጋል?» የሚልም አለ። እውነት ነው፣ በዓመት የሚዘንበው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ይጥላል። የሪያድ ዝናብ ግን ሲመጣ በአንድ ጊዜ ነው። በሜይ 2010 የጣለው ከተማውን በጎርፍ አጥለቅልቆት ነበር። ዓመቱን ሙሉ የተደበቀው ሥራ በእንዲህ ያለ ሰዓት ይጋለጣል፤ ተዳፋቱ ወደ ግድግዳው ከሆነ ውሃው ሳሎን ይገባል። አገር ቤት ኮብልስቶን የተነጠፈበት ሰፈር የኖረ ሰው ይሄን አይስተውም። በአዲስ አበባ ነዋሪው ከኪሱ ጭምር አዋጥቶ ነው በሩ ላይ ያስነጠፈው። የውሃ ቧንቧ ሊቀብሩ ቆፍረው፣ አፈሩን ሳይጠቀጥቁ ድንጋዩን መልሰው የደረደሩበት ቦታ በክረምት ምን እንደሚመስል አይተናል። የውሃ ገንዳ ይሆናል።

ታዲያ ግዴታው ለማን ነው? አንዱ መልስ «እግዚአብሔር ያያል፣ አላህ ያያል» ነው። ሥራን አሳምሮ መሥራት በእስልምናም በክርስትናም የታዘዘ ነው። ይሄን መልስ የሚያምን ሰው ጥያቄው ተመለሰለት፤ እኔም አላቃልለውም። ነገር ግን ሲጨቃጨቅ የሚያድረው ሰውም በፈጣሪ ያምናል። እሱ የሚለው «ፈጣሪ የሙቃውሉንም ሥራ ያያል፤ ሒሳቡን ያወራርዳል» ነው። ስለዚህ ሁለታችንም የምንቀበለው ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር።

የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ፕላቶ ‹ሪፐብሊክ› በተባለው መጽሐፉ ስለ አንድ ቀለበት የሚያወራ ታሪክ አለ። ቀለበቱን ያደረገው እረኛ ከሰው ዓይን ይሰወራል። ጥያቄው፦ ማንም የማያየው ሰው ደግ ሆኖ የሚቀጥልበት ምን ምክንያት አለው? የሚል ነው። እኛ ቀለበት አላስፈለገንም። 6 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ይበቃናል።

እኔ መልሱን ያገኘሁት ከዚያው ከኮምቦልቻው ወንድሜ ስልክ ላይ ነው። አገር ቤት ቤት እያሠራ ነው። በየወሩ ይልካል፤ እዚያ ያለው ግንበኛ ደግሞ ፎቶ ይልክለታል። ግድግዳው ቆመ፣ ልስኑ ተለሰነ፣ ቆርቆሮው ተመታ። ስልኩን እያዞረ ለሁላችን ያሳየናል። አንድ ማታ «መሠረቱስ ምን ያህል ተቆፈረ?» አልኩት። ዝም አለ። «እኔ ምን አውቃለሁ? አንድ ሜትር ተኩል ነው ብሎኛል። አምኜው ነው» አለኝ።

የስደተኛ ኑሮ ይሄው ነው ወገኖቼ። ከሌላው ሰው ይበልጥ የማናየውን አምነን የምንኖረው እኛ ነን። ገንዘብ በሰው እጅ እንልካለን። ልጅ ለአያት ትተን እንመጣለን። በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ ውል እንፈርማለን። የምንሠራው ቤት መሠረት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይቆፈራል። ያ ግንበኛ «ሰውዬው ሩቅ ነው፣ አያይም፣ እኔም ደመወዜ ትንሽ ነው» ቢል ምን እንላለን? ሌባ እንለዋለን። እሱም ምናልባት ደላላው የቆረጠበት ሰው ነው፤ የሱም በደል እውነት ነው። ግን በደሉን እኛ መሠረት ውስጥ ቀበረው። እንግዲህ የማያይ ሰው ያመነንን ነገር ማጉደል የሚያመን ከሆነ፣ የሪያዱ ባለግቢም እኛን አምኖ ተኝቷል። ግዴታው ማየት ለማይችለው ሰው ነው። ዓይን ያለው ራሱን ይጠብቃል፤ አደራ የሚባለው ነገር የተፈጠረው ማየት ለማይችል ሰው ነው።

ይህ ማለት ግን 13 ሪያል ተቀብለን የ18 ሪያል ሥራ እንሥራ ማለት አይደለም። ጥያቄያችንን ከድንጋዩ በላይ እናቅርበው፣ ከድንጋዩ ሥር አንቅበረው ነው የምለው። እኛ ያን ቀን ያደረግነው ይህ ነው። ባለቤቱ ባለበት ሙቃውሉን «በ13 ሪያል የሚሠራው 10 ሴንቲ ጠጠር ነው፤ መኪና አይችልም። ከተስማማችሁ እንደዚያ እንሠራለን። 20 ሴንቲ ከፈለጋችሁ በ18 ነው» አልነው። ባለቤቱ ግራ ገብቶት ሙቃውሉን አየው። ሙቃውሉ በንዴት «ውጡ!» አለን። ሥራው ለሌላ ቡድን ተሰጠ። የሁለቱ ቀን ቁፋሮ ሳይከፈለን ቀረ።

ስለዚህ ነገሩ ዋጋ የለውም አልልም። የኮምቦልቻው ወንድሜ እስካሁን «አንተ ሕሊናህን ይዘህ ወጣህ፤ እኔ ደግሞ ለወሩ የምልከውን አጥቼ ወጣሁ» ይለኛል። ለዚህ አባባል ሙሉ መልስ የለኝም። ልጅ ታሞበት ብር የሚጠበቅበት ሰው ፊት ቆሜ «ተው፣ እምቢ በል» ለማለት አፌ ይያዛል። የምለው ይህን ነው፦ ሁለቱም መንገድ ዋጋ ያስከፍላል። አንደኛው መንገድ ዋጋውን የሚያስከፍለው ያወቀውንና የመረጠውን ሰው ነው። ሌላኛው ምንም ያልሰማችውን አሮጊት ያስከፍላል። መምረጥ ግድ ከሆነ በግልጽ የሚከፈለው ይሻላል።

እስካሁን ያልኩት ወደ አንድ ወገን ብቻ ከሄደ ግን ለሀብታም የሚጠቅም ስብከት ሆኖ ይቀራል። ከላይ ወደ ታችም የሚቀበር ነገር አለና። እሱ አቧራው ነው።

ድንጋይ የምንቆርጥበትን የእጅ ማሽን ዓረቦቹ ‹ሳሩኽ› ይሉታል፤ ሮኬት እንደማለት ነው። ድምፁንም ፍጥነቱንም ለሰማ ሰው ስሙ ተገቢ ነው። በደረቁ ሲቆርጡ ነጭ ደመና ይነሣል። ኮንክሪት በውስጡ አሸዋ አለው፣ አሸዋው ሲሊካ አለው። ዓይን የሚያየው ደመና ይረግፋል። ዓይን የማያየው የደቀቀው ብናኝ ግን ሳምባ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ለሳምባ ነቀርሳም ያጋልጣል። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ብናኝ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ነገሩ አዲስም አይደለም፤ ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ በ1700 ባሳተመው መጽሐፍ የድንጋይ ጠራቢዎችን የሳምባ ሕመም ጽፎ ነበር። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ከ1930 ጀምሮ በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ በዚሁ አቧራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ጥቁሮች ነበሩ። አውስትራሊያ ደግሞ የወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚሠራበትን ሲሊካ የበዛበት ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከልክላለች፤ ቆራጮቹ ገና በወጣትነታቸው እየታመሙባት ነው።

አሁን ወደ እኛ ግቢ እንመለስ። ሳሩኹን የሚይዘው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ትንሹ፣ በቅርቡ የመጣው፣ ዋጋ ያልተነጋገረው ልጅ ነው። ሽማግ በአፉ ላይ ጠምጥሞ ቀኑን ሙሉ ይቆርጣል። ጨርቅ ያንን ብናኝ አይዝም። ባለቤቱ «ውሃ አታፍስሱ፣ ግድግዳውን ጭቃ ይነካዋል» ይላል። ሙቃውሉ በውሃ የሚቆርጠውን ማሽን አይከራይም፤ ይወደዳል። ቀን ቆጥሮ ልጁ አገሩ ገብቶ ሲያስል ከእነሱ አንዱም አይሰማውም። ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ሲዞር «ምን ሥራ ነበር የምትሠራው?» ብሎ የሚጠይቀው ላያገኝ ይችላል። ይህም እንግዲህ ዕዳን ማየት በማይችል ሰው ውስጥ መቅበር ነው። ከጠጠሩ 5 ሴንቲ መቀነስና ከውሃው መቆጠብ አንድ ዓይነት ሥራ ናቸው። ልዩነቱ፣ ግቢ ነቅለው መልሰው ያነጥፉታል፤ ሳምባ ነቅሎ የሚያነጥፍ የለም።

እዚህ ላይ የሚከብደውን ልናገር። ዛሬ ከእኛው መካከል ‹ሙዓሊም› የተባሉ፣ ሁለት ሦስት ልጅ ይዘው የሚሠሩ አሉ። ከራያ፣ ከወሎ፣ ከጅማ በየመን በረሃ አቋርጦ የመጣ ልጅ ሥራ ስንሰጠው ውለታ የዋልንለት ይመስለናል። ሳሩኹንም እጁ ላይ እናኖርለታለን። «እኛም እንዲህ ነው የለመድነው» እንላለን። ከላያችን ላለው ሰው «የማላየውን አትደብቅብኝ» የምንል ከሆነ፣ ከሥራችን ላለውም ያው ሕግ ነው። ልጁ የአቧራውን ነገር አያውቅም። የምናውቀው እኛ ነን። ያወቀ ሰው ዝም ሲል ነው ነገሩ ማጭበርበር የሚሆነው።

ማድረግ የሚቻለው ደግሞ ብዙ ነው። አቀማመጡን አስቀድሞ በሲባጎ ለክቶ የሚቆረጠውን ድንጋይ ቁጥር መቀነስ ይቻላል። ቀጥ ያለውን መቁረጫ በእጅ በሚጫን የድንጋይ መሰንጠቂያ ብንሠራው አቧራው እጅግ ያንሳል። ለቀረው ውሃ የሚረጭ ማሽን ይኑረን፤ ተራውን የኤሌክትሪክ ሳሩኽ ግን ውሃ እያፈሰሱበት መቁረጥ በኤሌክትሪክ ይገድላልና አይሞከር። የሚቆርጠው ሰው ነፋስን በጀርባው ያድርግ፤ ማስኩ ለብናኝ የተሠራ ይሁን። ጭቃውን ሳይደርቅ ማጠብ ነው፤ ድንጋዩን አያበላሽም። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባለው ጊዜ ደግሞ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ ተከልክሏል። ያን ክልከላ ሙቃውሉ ሲጥስ እንደምንናደደው ሁሉ እኛም ለልጆቹ እናክብር።

መሰንጠቂያውና በውሃ የሚቆርጠው ማሽን ለአንድ ሰው ይወደዳሉ። ለአሥር ሰው ግን አይወደዱም። በእቁብ ወርቅና መኪና የገዛን ሰዎች ነን፤ በማኅበራችን ስም አንድ መሰንጠቂያ ገዝተን በተራ ብንሠራበት ምን ይከለክለናል? ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አነሣዋለሁ፤ የምትስማሙ ስማችሁን አስመዝግቡ።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ይባላል። ተረቱን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለማስፈራሪያ ይጠቀምበታል። እኔ ግን ከዚህ ሙያ የተማርኩት ሌላም ነገር አለ። ኢንተርሎክ ድንጋይ ብቻውን ሲቆም በእግር ይነቃነቃል። በድንጋዮቹ መካከል ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ደቃቅ ደረቅ አሸዋ ተጠርጎ ይገባበታል። ከዚያ በኋላ መኪና ሲወጣበት ጭነቱን አንዱ ለሌላው ያካፍላል፤ ድንጋዩን ብቻውን አያገኘውም። የሚያያይዛቸው ስሚንቶ አይደለም። ከሥር ያለው ጠጠር፣ ከጎን ያለው ጠርዝና በመካከላቸው የገባው የማይታይ አሸዋ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል መጀመሪያ የሚሰምጠው ዳር ያለው ድንጋይ ነው። እኛም እዚህ አገር ዳር ላይ ነው የተቀመጥነው።